ክላሲካል ቁጥር ሦስት

ልጄ ሶልያና ከሐዋሳ በስልኬ አንድ ሙዚቃ ላከችልኝ፤ ከሥሩ ረጅም መልእክት አለበት። አዲስ ፍቅር ይዞኛል ትላለች። ደንግጬ ወደ ታች ሳነብ ፍቅሩ ከአንድ የፈረንጅ የሙዚቃ ቡድን ጋር ነው። ዘፋኝ የላቸውም፤ ጊታርና ከበሮ ይዘው አንዱን ሙዚቃ ከግማሽ ሰዓት በላይ አፋቸውን ሳይከፍቱ ይጫወታሉ። ብዙ አልበም ስላላቸው ከየት ልጀምር ብላ ጓደኞቿን ብትጠይቅ እርስ በርስ ተጣሉባት። አንዱ ከመጀመሪያው ጀምረሽ በቅደም ተከተል ውረጂ ይላል፤ ሌላዋ የመጀመሪያው ገና ጥሬ ነው፣ ከሦስተኛው ጀምሪ ትላለች፤ ሌላው ደግሞ መድረክ ላይ ሲጫወቱ የተቀዳውን ያልሰማ ምንም አልሰማም ባይ ነው። የሙዚቃው ዓይነት ፖስት ሮክ ይባላል አለችኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቃት "ከሮክ በኋላ የመጣ" አለች። ሮኩ መቼ ነገሌ ደርሶ ነው ያለፈው ብዬ ጻፍኩላት። የቡድኑንም ስም ነግራኛለች፤ ስም ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግስ ሁሉ አለው፤ እዚህ ብጽፈው እኔም በትክክል አልደግመው፣ አንባቢም አይዘው። መልእክቷን የዘጋችው "አንቺ እንኳ አትወጂውም፤ ለወጉ ያህል ስሚው" ብላ ነው።

በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ስልኩን ሰፌዱ ጎን አስደገፍኩና ከፈትኩት። በመጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ እምምታ ብቻ ነው። ቀጥሎ አንድ ጊታር ሁለት ድምፅ እየነካ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። እጄ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ይህን ሙዚቃ ልጄ ሳትወለድ አውቀዋለሁ። ስሙን ግን ዛሬም አላውቀው፤ እኛ ቤት "መኪናው" ነበር የሚባለው። ከበሮው ሳይገባ ዘጋሁት። እማዬ ጓዳ ውስጥ የቀትር እንቅልፏን ተኝታለች፤ ይህን ነገር ያለ እሷ መስማት አልሆነልኝም። እስክትነቃ ድረስ ምስሩን ይዤ ቁጭ አልኩና በሐሳቤ ወደ አብዲ ሱቅ ሄድኩ፤ ከየት ልጀምር የሚለውን ጥያቄ እኔም አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ጠይቄዋለሁና።

ያኔ መንግሥት ተለውጦ፣ ሰዉ የተበተነበትን እየሰበሰበ ያለበት ዘመን ነበር። ዓመቱን በትክክል ጥሩ ብባል አልጠራም፤ የሻይን ዋጋ ግን እጠራለሁ፤ ስሙኒ ነበር። ከቦምቦሊኖ ጋር ከሆነ ሽልንግ። ዛሬ ነገሌን ወዲያና ወዲህ የሚያተራምሳት ባጃጅ ያኔ የለም፤ ጋሪ ነው፣ አለበለዚያ እግር። የገበያ ቀን ከሊበን ገጠር ሰዉ ከብቱን እየነዳ፣ የቀረውም በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይገባል፤ ቀዩ አቧራ ሰማይ ይደርሳል፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ የወጣች ሴት የሸክላ ቀለም ይዛ ትመለሳለች። ሴቱ ከሞያሌ የመጣ ወርቃማ ጥለት ያለው ሻሽ ያስራል፤ ወንዱ ሰፊ ሱሪ ይለብሳል፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ቀበቶውን እስከ ሆዱ ይስበዋል። እኛ ወጣት አስተማሪዎች ደግሞ ደመወዝ በወጣ ማግስት ሰልባጅ ተራ አንጠፋም። ሰልባጅ ማለት ከፈረንጅ አገር ተጠቅልሎ በእስር የሚመጣ አሮጌ ልብስ ነው፤ እስሩ ሲፈታ የሚወጣው ሽታ፣ የመድኃኒትም የዝናብም የማይታወቅ አገርም ሽታ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ለበረዶ የተሠራ ካፖርት ተከራክሮ ገዝቶ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። ምን ልታደርገው ነው ሲሉት "ይኖራል" ይላል።

የአብዲ ካሴት ቤት ከሰልባጅ ተራ ጥግ ላይ ነበር። አብዲ የጎረቤታችን የአዮ ሀሊማ ልጅ ነው፤ አዮ በቦረናና በጉጂ አፍ እናት ማለት ነው። ቤተሰቡ ከጥንት ነጋዴ ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያፈራረቁ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ይቀልዳሉ። አብዲ ካሴቶቹን በየዘርፋቸው ይደረድራል፦ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ በመጨረሻ ክላሲካል። በኛ አገር መቼም ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው፤ ሳክስፎን ይሁን ክራር፣ ዋሽንት ይሁን ኦርጋን፣ አንጎራጓሪው ካልመጣ ክላሲካል ይባላል፣ አለቀ። ታዲያ አንድ ቀን ሰልባጅ ነጋዴው እስር ሲፈታ ከአንድ ጃኬት ኪስ ውስጥ ካሴት አገኘ። በእስክሪብቶ የተጻፈበት ነገር በላብና በጊዜ ጠፍቷል። አብዲ ዘንድ አመጣው። አብዲ ከፈተውና ዘፋኙ እስኪገባ ጠበቀ። ኋላ ሲነግረኝ "ሻይ ጠጣሁ፣ ሰግጄ ተመለስኩ፣ ሰውዬው አሁንም አልገባም" ነበር ያለኝ። ስለዚህ ቀዳውና ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ክላሲካል ቁ. 3" ብሎ ጻፈበት። ቁጥር አንድ ሳክስፎን፣ ቁጥር ሁለት ዋሽንት ነበሩ። ዋናው ካሴት የዘጠና ደቂቃ ነበር፤ አብዲ እጅ ላይ የነበረው ባዶ ካሴት የስልሳ። ካሴቱ ያለቀበት ቦታ ሙዚቃውም አለቀ፤ ቃል የሌለው ነገር የት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል?

እኛ ቤት ያኔ ሐዘን ነበር። አባቴ፣ ከተማው ጋሽ መኮንን የሚለው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከነገሌ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ የሚሄድ አሮጌ ኤንትሬ ይነዳል፤ ሲሄድ እህል፣ ሲመለስ ጨውና ስኳር፣ አንዳንዴም ሳሙና። መንገዱ መንገድ አይባልም። በዚህ ቀን ይመለሳል ተብሎ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሲመለስ አመሻሽ ላይ መሆኑ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ጨለማ ከያዘው ባለበት ያድራል። እማዬ ከእኛ ሁሉ በፊት ትሰማዋለች። እኛ ገና ውሻ እንኳ ሳንሰማ እሷ እሳቱ ጋ እንዳጎነበሰች ቀና ትልና "ዳገቱን ይዟል" ትላለች። ቀጥላ "ማርሽ ቀነሰ"፣ ቀጥላ "ከብዶታል፣ ጨው ነው የጫነው"። መንዳት አይደለም መሪ ነክታ አታውቅም፤ ግን የዚያን መኪና ማርሽ ከረዳቱ በተሻለ ትለያለች። ከዚያ ግርርታው እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ቆርቆሯችን እስኪንቀጠቀጥ ይመጣና ደጃፋችን ላይ ሞተሩ ቀጥ ይላል። "ገባ" ትላለች። ያን ቃል ሳትል የተኛችበትን ሌሊት ሃያ ምናምን ዓመት በሙሉ አላስታውስም። እሱ መንገድ ላይ ካለ የእሷ እንቅልፍም መንገድ ላይ ነው፤ ዓይኗን ትከድናለች እንጂ አትተኛም።

አባዬ ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር አለ። ስለ መንገዱ አያወራም፣ ውሃ እንኳ አይጠጣም፤ መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል። እማዬ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርብለታለች፤ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራሱ በራሱ ቀስ ብሎ ጣት በጣት ያሻል። እያሸ በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ ዜማ ይሁን ድካም የማይለይ፣ ቃል የሌለው ነገር። እኛ ልጆቹ የያዘልንን ብስኩት እያሰብን በትዕግሥት ማጣት እንቁለጨለጫለን። እማዬ "ተዉት፣ እግሩን እየታጠበ ነው" ትለናለች። እግሩን ሳይጨርስ ማንም አይጠይቀውም፤ የቤታችን ሕግ ነበር።

ሜጋ ላይ ታመመ። ሆዴን አሞኛል ብሎ እዚያ ያደረበት ቤት ቆየ፤ ይሻለዋል ሲባል ባሰበትና አረፈ። አስከሬኑን ሌላ መኪና አመጣው፤ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር፣ ድምፁ የማይሰማ። ኤንትሬዋን ባለንብረቱ ከሜጋ ሳትመለስ ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ በሌላ መንገድ አሰማራት። እንግዲህ አባዬ መጣ፣ ተቀበረ፤ መኪናው ግን አልመጣም። ያኔ ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እኛ የገባን እማዬ አለመተኛቷ ብቻ ነው።

በለቅሶ ቤት ወግ ቴፑ ጥቁር ጨርቅ ለበሰ። አባዬ ከሞያሌ የገዛው፣ ባለ ሁለት ካሴት፣ እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው ቴፕ ነበር፤ እስከ ሙት ዓመቱ አይነካም። ራዲዮንም ዜና ብቻ፣ እሱም ድምፁ ተቀንሶ። እዝን የሚያመጣው፣ አብሮ የሚያድረው፣ ወሬ የሚያጫውተው ሰው ብዙ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። እማዬ ታለቅሳለች፣ ትበላለች፣ ለቅሶ ደራሹን ትመርቃለች። አትተኛም እንጂ። ፍራሹ ላይ ጋደም ትልና ጆሮዋን ወደ ደጅ ሰጥታ ታነጋለች። ጠበል ተረጨች። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጧት፤ ዋጠችና ዓይኗን ገልጣ አነጋች። ሳምንት ሳምንትን ሲወልድ ሰውነቷ ከቀሚሷ ውስጥ እየጠፋ መጣ፤ ንግግሯ መሐል ላይ ይቋረጥባት፣ ምጣዱን ጥዳ ትረሳው፣ እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። የጤና ጣቢያው ሰው ለብቻዬ ጠርቶ እንዲህ ከቀጠለች ልቧ አይችልም አለኝ። ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ጠመኔውን ይዤ፣ አባቴን ቀብሬ እናቴን ልቀብር ነው ወይ እያልኩ የምጽፈው ይጠፋኝ ነበር።

አዮ ሀሊማ በየቀኑ የግመል ወተት ይዘው ይመጣሉ። ገብተው "አካም፣ ናጋ?" ይላሉ፤ ከብት የለንም እንጂ ስለ ከብቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ቤቱም ሰላም ሳይጠይቁ አይቀመጡም። አንድ ቀን ዙሪያውን ቃኙና የዚህ ቤት ጸጥታ በዛ አሉ። ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ዘፋኝ የሌለበት ነገር እንዳለ፣ ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ ለእንቅልፍ ቢከፈትላት ምናለ አሉ። አብረውን የተቀመጡ አንዲት የእድር ሴት ክው አሉ። ዓመት ሳይሞላ ቴፕ ሊገለጥ ነው ወይ፣ ዘፈን በለቅሶ ቤት ተሰምቶ ያውቃል ወይ፣ ጋሽ መኮንን ይህ ይገባው ነበር ወይ። አዮ ሀሊማ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"ኩን ሲርባ ሚቲ" አሉ፤ ይሄ ዘፈን አይደለም። "ዘፈን ሰው ሲዘፍን ነው። እስቲ ሰው የታለ? ትልቅ ሰው ሲሞት ራዲዮኑስ ክላሲካል አይደለም ወይ የሚያሰማው?"

ክላሲካል ከሆነማ አሉ የእድሯ ሴት በመጨረሻ፤ ክላሲካል የሐዘንም ነው። አንዲት ቃል እናቴን እንዳተረፈቻት ዛሬ አውቃለሁ። ሰውዬው ገብቶ ቢዘፍን ኖሮ፣ አንዲት መስመር እንኳ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ጨርቅ አይገለጥም ነበር።

እንግዲህ አብዲ ሱቅ ሄጄ ያን ጥያቄ የጠየቅሁት ያኔ ነው። ከየት ልጀምር አልኩት። ካሴቱን ከቀዳዳው በእስክሪብቶ እያጠነጠነ፣ የመጀመሪያውን ፊት እንድተወው መከረኝ፤ እሱ ከመጀመሪያው ይጮኻል፣ ገዝቶ የሄደ ሁሉ መልሶ ያመጣዋል። ሁለተኛው ፊት ግን ጸጥ ያለ ነው። አብዲ ዋሽቶ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ የሁለተኛውን ፊት መጀመሪያ ሲሰማ ገዢ ይመጣል፣ ይዘጋዋል። እስከ መጨረሻው ሰምቶት አያውቅም። እጄ ላይ ሲያስቀምጠው "ከዚህ ጀምሪ፣ ሂሩቴ፤ እዚህ ጋ ሰላም ነው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ዘመን ነገሌ መብራት የሚሰጠው ለማታ ብቻ ስለሆነ በባትሪ ድንጋይ ነው የከፈትኩት፤ ድንጋዮቹም አሮጌ ስለነበሩ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቻቸዋለሁ። በዚያ ዘመን የነበረ ያውቃል፤ የተሞቀ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ግን ካሴቱን ቀስ አድርጎ ያስኬደዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ወፍራም ይሆናል። ፍራሹ ላይ እማዬ፣ አዮ ሀሊማና የእድሯ ሴት አሉ። እምምታው ጀመረ። ከዚያ ጊታሩ ሄደ፣ ተመለሰ። የእድሯ ሴት አንገታቸውን እየነቀነቁ ደስ የሚል ክላሲካል ነው አሉ። አዮ ሀሊማ ተኩራሩ። ልጃቸው ነው የቀዳው።

ከዚያ ከበሮው ከሩቅ ገባ። ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አይቆምም። ሌላ ጊታር ተጨመረ፣ ሌላም፤ እየተደራረበ፣ እየወፈረ፣ እየቀረበ መጣ። የእድሯ ሴት አንገታቸውን መነቅነቅ አቆሙ። በደከመው ድንጋይ የተነሳ ነገሩ ሁሉ ከደረት የሚወጣ ግርርታ ሆኗል። ቀጥሎ የመጣውን ለመናገር ይቸግረኛል፤ ያ ሁሉ ጊታርና ከበሮ በአንድ ጊዜ ፈነዳና ቁምሳጥኑ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ጎረቤት በር ላይ ሰው ቆመ። የእድሯ ሴት አማተቡ። ጋሽ መኮንን ቤት ሰርግ ነው እስኪባል ምን ቀረ ብዬ ሐፍረት አቃጠለኝና ልዘጋው ዘልዬ ተነሣሁ።

"አትንኪው" አለች እማዬ።

ቁጭ ብላለች። ጆሮዋ ወደ ደጅ ሳይሆን ወደ ቴፑ ነው። "ዳገቱን ይዟል" አለች። "ማርሽ ቀነሰ። ስሚ፣ ከብዶታል።" ግርርታው ቆርቆሮውን ሲያናውጠው ፊቷ ላይ የማውቀው የአመሻሽ ፊቷ ተመለሰ፤ ያ እሳቱ ጋ ቀና የምትልበት። ከዚያ በጩኸቱ መካከል ካሴቱ አለቀ። የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ተነሣ፤ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ልክ ሞተር ሲጠፋ።

"ገባ" አለች እማዬ።

ጎኗን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተኛች። ዓይን መክደን አይደለም፤ ተኛች፤ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን ትንፋሽዋ እየተሰማ። አዮ ሀሊማ ነጠላዋን አለበሷትና ዝንብ እየከላከሉ አጠገቧ ቀሩ። የእድሯ ሴት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ጣታቸው ወጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስለዚያ ክላሲካል ክፉ ሲናገሩ አልሰማሁም። እኔ ጓዳ ገብቼ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። እማዬ የተነሣችው በማግስቱ የቅዳሴ ደወል ሲደወል ነው፤ ተነሥታም መጀመሪያ የተናገረችው ርቦኛል የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየአመሻሹ "እስቲ መኪናውን ክፈቺልኝ" ትለኛለች። መብራት ሳይመጣ በዚያው በተሞቀ ድንጋይ እከፍትላታለሁ፤ ይመጣል፣ ይገባል፣ ትተኛለች። ባሏ እንደሞተ ጠፍቷት አልነበረም፤ ሲመሽ መቃብሩ ጋ ሄዳ አፈሩን ታስተካክል የነበረች ሴት ናት። ጆሮዋ ግን የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ እሱን ሳይቀበል አርፎ አይተኛም። ወራት ሲያልፉ አንዳንድ ቀን መጠየቅ ተወች፤ ኋላ ጭራሽ ረሳችው። ካሴቱንም በመጨረሻ ቴፑ በላው፤ ቡናማው ክር ተጠቅልሎ ሲወጣ እማዬ አይታ፣ ብዙ አገለገለ፣ ይበቃዋል አለች። ሰው እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ሲል አይገባኝም ነበር። የእኛ ድግስ ከሰው ጃኬት ኪስ ውስጥ ወጣ። ካሴቱን እዚያ የረሳው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ የት ጣልኩት ብሎ ቤቱን በርብሮ ይሆናል። በየዓመቱ የአባዬ መታሰቢያ ሲደርስ ስሙን ለማላውቀው ለዚያ ሰውዬ አንድ ሻማ ጨምሬ አበራለሁ።

አሁን ነገሌ ሌላ ናት። ባጃጁ ጥሩንባውን ሲነፋ ጆሮ አያሳርፍም፤ ሻይ በስሙኒ ነበር ብል ተማሪዎቼ ስሙኒ ምንድን ነው ይሉኛል። አዮ ሀሊማ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልን። አብዲ ፀጉሩ ሸብቷል፤ የካሴት ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኖ ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ሺህ ዘፈን ይጭናል። ባለፈው ሳገኘው ክላሲካል ትጭናለህ ወይ አልኩት፤ ዘፋኝ የሌለው ማን ይሰማል አለኝ። የአሁን ልጆች ግን ይሰማሉ፤ ሐዋሳ ቁጭ ብለው በዚያው ይጣላሉ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌንም ቀብሬ፣ ጡረታዬ ደጅ ላይ ቆሞ፣ እዚያው ቤት ከእማዬ ጋር አለሁ። እሷ እርጅና ተጭኗታል፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን እንዳለ ነው። እንቅልፏም እንዳለ ነው፤ ተመስገን።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነቅታ ወደ በረንዳው ወጣች። ሶልያና የላከችውን አንድ ነገር ላሰማሽ አልኳት፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። እምምታው ጀመረ፣ ጊታሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ከበሮው ከሩቅ ሲገባ ብቻ ጭንቅላቷን ትንሽ ቀና አደረገችው፤ ያኔ አወቀችው። ነገር ግን ሙዚቃው እንደማውቀው አይደለም። የደከመ ድንጋይ የለም፤ ስልኩ በራሱ ፍጥነት ነው የሚያጫውተው፤ ያ ከባድ ግርርታ ቀልሎ፣ ቀጥኖ፣ እየፈጠነ ይመጣል። ልክ አይደለም ትላለች ብዬ ፈራሁ። እማዬ ፈገግ አለች።

"ዛሬ ጭነት የለውም" አለች። "አራግፎ ነው የሚመጣው።"

ቀረበ፣ ቀረበ፣ ፈነዳ። የስልኩ ድምፅ ትንሽ ናት፤ ብርጭቆ አታንጫጫም። የቴፑ ቁልፍ ቀጭ የሚልበትን ቦታ በልቤ አውቀዋለሁ፤ ያ ቦታ ደረሰ። ቁልፉ የለም። ሙዚቃው አልቆመም። ጩኸቱ ቀስ እያለ ረገበና አንድ ጊታር ብቻውን ቀረ፤ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ከአፍንጫ እንደሚወጣ እንጉርጉሮ። የአብዲ የስልሳ ደቂቃ ካሴት የቆረጠው ነገር ይህ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ መጨረሻ ያልነው መጨረሻው አልነበረም። የእማዬን "ገባ" እንዳያበላሽባት ብዬ ልዘጋው እጄን ስሰድ አንጓዬን ያዘችኝ።

"ተይው" አለች። "እግሩን እየታጠበ ነው።"

እስኪጨርስ ሁለታችንም ጠበቅነው። ለሶልያና መልስ የጻፍኩላት ከዚያ በኋላ ነው። ከየትም ጀምሪ አልኳት፤ ብቻ ሲገባ ቶሎ አትነሺ፣ እግሩን እስኪታጠብ ጠብቂው።